ዙሩን ማን ያክርረው?

የሩጫ ታክቲክ ሲባል ብዙ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ብልጠት ነው፣ ሰው ጀርባ ተደብቆ ቆይቶ መጨረሻ ላይ አፈትልኮ መውጣት። እኔ ስንት ዘመን ሩጫ ሳይ ኖሬ፣ በኋላም እዚህ ማርቆስ የፕሮጀክት ልጆች ሳሯሩጥ ቆይቼ አሁን አሁን የሚታየኝ አንድ ነገር ብቻ ሆኗል፣ ሂሳቡን ማን ይከፍላል? ምክንያቱም የትም ሩጫ ላይ አንድ ሰው ፊት ሆኖ ነፋሱን መቀበል አለበት፣ አንድ ሰው ዙሩን ማክረር አለበት፣ ሌላው ደግሞ ከኋላው ተለጥፎ በነጻ ይሄዳል። ከፋዩ እኔ ነኝ ወይስ አንተ? ቀሪው ዝርዝር ነው።

የፓሪሱን 10,000 ሜትር ያየ ሰው ምን ለማለት እንደፈለኩ ይገባዋል። ሀምሌ 26/2016 አርብ ማታ ነበር (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው፣ ሌላው አመት ሁሉ በፈረንጅ ነው)፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የኮሜንታተሩ ድምጽ እንኳ በደንብ አይሰማም፣ አጎቴ ከዳንግላ መጥተው እኛ ጋ አርፈው ስለነበር አብረን ነው ያየነው። አጎቴ በጉብዝናቸው ጊዜ ፈረሰኛ ነበሩ፣ ጉግስ ሲጫወቱ ያደጉ ሰው ናቸው፣ ስለዚህ የትኛውንም ውድድር የሚያዩት በፈረሰኛ አይን ነው። ዩሚፍ ቀጀልቻ፣ ሰለሞን ባረጋና በሪሁ አረጋዊ እየተቀያየሩ ፊት ወጥተው ዙሩን ያከሩታል፣ ከኋላቸው ያለው ሁላ ደግሞ አልበጠስ ብሎ ተግተልትሎ ይከተላል። ግማሹ ላይ ሲደርስ አጎቴ መታገስ አቃታቸው።

«እኒህ ልጆች የሰው ማሳ ነው እኮ የሚያርሱት!»

«ወንፈል ነው አጎቴ፣ ሶስቱ ተራ በተራ እየሰሩ ነው፣ ፍጥነቱ የሌሎቹን ጉልበት ይጨርስላቸዋል» አልኳቸው።

«የምን ወንፈል አመጣህብኝ! ወንፈል እኮ ዛሬ ያንተን ባርስ ነገ የኔን ታርሳለህ ተብሎ ነው። ያ ከኋላ ያለው ኡጋንዳዊ መቼ ሊያርስላቸው ነው?»

ኡጋንዳዊው አላረሰም። ጆሹዋ ቼፕቴጌይ በመጨረሻው ዙር ወጥቶ በ26:43.14 ወርቁን ወሰደ፣ በሪሁ ከኋላ ተወርውሮ በ26:43.44 ብር፣ አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር በ26:43.46 ነሀስ። የኛ ልጆች ዙሩን ምን ያህል እንዳከረሩት ለማወቅ ይቺን ማየት ይበቃል፣ ቀነኒሳ በ2008 ቤጂንግ ላይ የሮጠው 27:01.17 የኦሎምፒክ ሪከርድ ሆኖ ቆይቶ ነበር፣ ያን ማታ ብቻ 13 ሰው ከዛ ሰዓት በታች ገባ። 13 ሰው እኮ ነው! ልጆቹ ባረሱት ላይ አለም በሙሉ አጨደበት።

በማግስቱ ፌስቡክ ላይ አሰልጣኝ ያልሆነ ሰው አልነበረም። ለምን መሩ፣ ለምን አልጠበቁም፣ ማን ነው ይሄን ያዘዛቸው፣ ምናምን። ነገሩ ግን እንደዛ ቀላል አይደለም፣ ትንሽ ወደኋላ ሄዳችሁ የነዚሁኑ ሰዎች ሩጫ ብታዩ።

ቶኪዮ ላይ፣ በኮሮና ምክንያት 2021 ላይ የተካሄደው ማለቴ ነው፣ ሂሳቡን ልክፈል ብለው የመጡት ኡጋንዳዎች ነበሩ። ስቴፈን ኪሳ የሚባለው ልጅ ገና ሩጫው ሲጀመር ተፈትልኮ ብቻውን ሄደ፣ ሀሳባቸው እሱ ዙሩን ሲያከረው ቼፕቴጌይና ያኮብ ኪፕሊሞ አብረውት ሄደው የኛን ልጆች ጉልበት ሊጨርሱ ነበር። የተከተለው ሰው የለም። የራሱ ሀገር ልጆች እንኳ አልተከተሉትም! ብቻውን ፊት ፊት ሲሮጥ ሲሮጥ መሀል ላይ አቋርጦ ወጣ፣ ከኋላ ያለው በዝግታ ቆይቶ መጨረሻው የፍጥነት ሆነና ሰለሞን ባረጋ በ27:43.22 አሸነፈ። ልብ በሉ እንግዲህ፣ ቶኪዮ 27:43፣ ፓሪስ 26:43፣ ልክ አንድ ደቂቃ ልዩነት። ቀስ ሲባል የኛ ሰው አሸነፈ፣ ሲከር ቼፕቴጌይ አሸነፈ። እስከዚህ ድረስ የፌስቡክ አሰልጣኞች ልክ ናቸው።

ግን መሀል ላይ ቡዳፔስት አለች። በ2023ቱ የአለም ሻምፒዮና እዛም በዝግታ ነው የተሮጠው፣ ያሸነፈው ሰዓት 27:51.42 ነው፣ ያሸነፈው ሰውዬ ግን እሱው ቼፕቴጌይ ነው፣ ሰለሞን ነሀስ ነው ያገኘው። እና ፓሪስ ስትሄድ ምን ታደርጋለህ? ቀስ በል ብለህ ጠብቀህ ተሸንፈሃል፣ ሰውየው ደግሞ 26:11.00 የሮጠ የአለም ሪከርድ ባለቤት ነው፣ ዙር ቢከር የሚፈራ ሰው አይደለም። እኔ በበኩሌ መምራታቸውን አልነቅፍም። የምነቅፈው ሶስቱም እኩል መክፈላቸውን ነው። አንዱ እንኳ ተቆጥቦ መቀመጥ ነበረበት፣ ሶስት ሰው ሆነህ ገብተህ ሶስታችሁም እኩል ደክማችሁ መጨረሻው ዙር ላይ ስትደርሱ ሶስት መሆናችሁ ምን ጠቀማችሁ? በርግጥ ይሄን ሶፋ ላይ ሆኖ መናገር ቀላል ነው፣ አውቃለሁ።

ይሄን ነገር በደንብ ያወቁበት የሞስኮዎቹ ናቸው። በ1980 ምሩጽ ይፍጠር፣ መሀመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ 10,000 ሜትር ላይ ሲሰለፉ ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን አለ፣ በሙኒክም በሞንትሪያልም 5,000ና 10,000ን ሁለቱንም ያሸነፈ ሰው። የኛዎቹ ምን አደረጉ፣ ዙሩን አንዴ ያከሩታል አንዴ ያረግቡታል፣ እንደገና ያከሩታል። አንድ አይነት ፍጥነት ለለመደ ሯጭ እንደዚህ አይነት ነገር ሞት ነው፣ እግሩ ሪትም ሲይዝ ይቀይሩበታል፣ ሲቀይር ይመልሱበታል። ከዛ 300 ሜትር ሲቀር ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ሄደ፣ በቃ አለቀ። መሀመድ ሶስተኛ ወጣ፣ ቶሎሳ አራተኛ፣ ቪረን ከሱም ኋላ። በ5,000ው ደግሞ መጨረሻው ዙር ላይ መሀመድ ፊት እየመራ ሳለ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ለምሩጽ በውስጥ በኩል በር የከፈተባትን ነገር እስካሁን ሳያት ደስ ትለኛለች፣ እሷን የሚያደርግ ሰው ለራሱ ወርቅ እያሰበ አይደለም።

ስለ ምሩጽ ሁለት ወርቅ ህጻን ልጅ ያውቃል። ቶሎሳ ቆቱ ግን ያን ቀን አራተኛ ነው የወጣው፣ አራተኛ ደግሞ መድረክ ላይ አይወጣም። በኋላ አሰልጣኝ ሆኖ ስንቱን አፍርቷል፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

ብቻህን ስትሆን ደግሞ ሂሳቡ ሌላ ነው። ቀነኒሳን ውሰዱ። 2004 አቴንስ ላይ 10,000ውን አሸንፎ 5,000 ሜትር ፋይናል ገባ፣ ከጎኑ ያለው ሂሻም ኤል ገሩዥ ነው፣ የ1,500 ሜትር የአለም ሪከርድ ባለቤት፣ 3:26.00። የዛን አይነት ሰው ይዘህ መጨረሻ 200 ሜትር ድረስ መሄድ ማለት ሌባን ቁልፍ ሰጥቶ መተኛት ነው። ቀነኒሳ በዛው አመት 5,000ን በ12:37.35 ሮጦ የአለም ሪከርድ ሰብሯል፣ አቴንስ ላይ ኤል ገሩዥ ያሸነፈበት ሰዓት ግን 13:14.39 ነው፣ ቀነኒሳ 13:14.59። 0.20 ሰከንድ! ዙሩ ከሪከርዱ ፍጥነት 37 ሰከንድ ቀርፋፋ ነበር፣ ያን የሚከፍል ሰው ስለጠፋ ሁሉም እርስ በርስ ሲተያይ ሞሮኳዊውን ተሸክመውት መጡ።

ከአራት አመት በኋላ ቤጂንግ ላይ ያው ቀነኒሳ ያው 5,000 ሜትር ገባ፣ በዚህኛው ግን ማንንም አልጠበቀም። ፊት ወጥቶ ራሱ አከረረው፣ ዙር በዙር ሰው ሲንጠባጠብ ይታያችሁ ነበር፣ መጨረሻ ላይ 12:57.82፣ ሁለተኛ የወጣው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ 13:02.80፣ አምስት ሰከንድ ያህል ኋላ። እንግዲህ አቴንስ ላይ 0.20 ሰከንድ የተሸነፈ ሰው ሂሳቡን ከኪሱ ሲከፍል በአምስት ሰከንድ አሸነፈ። ይሄን ሳይ ነው «መምራት ሞኝነት ነው» የሚለውን ወሬ መስማት የሚያናድደኝ። ለማን ሞኝነት ነው? ከጎንህ ያለው ሰው 200 ሜትር ላይ ካንተ ፈጣን ከሆነ ሞኝነቱ መጠበቁ ነው።

ደራርቱ በባርሴሎና ደግሞ ተቃራኒውን አደረገች፣ ያኔ ገና 20 አመቷ ነው። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኢላና ሜየር ፊት ወጣች፣ ደራርቱ ተከተለቻት፣ ሜየር እየዞረች ነይ አንቺም ምሪ እያለች በምልክት ትጠይቃታለች፣ ደራርቱ ወይ ፍንክች። ያንን ሁሉ ዙር ነጻ ሄዳ መጨረሻ ላይ አልፋት በ31:06.02 ገባች፣ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት የኦሎምፒክ ባለወርቅ። ይሄን ለልጆቼ ስነግር ሁልጊዜ አንዷ «ጋሼ ግን ነውር አይደለም?» ትለኛለች። አይደለም። ማንም ሰው ያላዘዘውን ምሳ እንዲከፍል አይገደድም፣ ሜየር ራሷ ፈልጋ ነው የወጣችው። ደግሞ ያቺው ደራርቱ ናት በ2009 የኒውዮርክ ማራቶን ላይ ወደኋላ እየቀረች የነበረችውን ፓውላ ራድክሊፍን አይዞሽ ነይ ስትላት የነበረች፣ ከዛም ራሷ አሸነፈች። ተፎካካሪህን መጥላትና ሂሳብ አልከፍልም ማለት ለየብቻ ናቸው።

አሁን ወደኛ ሰፈር ልመለስና፣ ልጆች ታክቲክ ስታስተምር ትልቁ ችግር ታክቲኩ አይደለም፣ ዙር መቁጠር ነው። ከት ብላችሁ ትስቁ ይሆናል ግን ደም ስሩ ተገትሮ ሮጦ የማያውቅ ሰው ነው የሚስቀው። ምሩጽ ራሱ በ1971 አሜሪካ ላይ 5,000 ሜትር ሲሮጥ አንድ ዙር ሲቀር ያለቀ መስሎት ማርሹን ቀይሮ ጨርሶ ቆመ! በማግስቱ 10,000ውን አሸነፈ እንጂ። ስለዚህ አንድ ልጅ ዙር ተምታታብኝ ሲለኝ አልቆጣም።

ሁለተኛው ነገር ከርቭ (መታጠፊያው) ላይ የት እንደምትሮጥ ነው። ይሄ ሂሳብ ነው፣ ጉልበት አይጠይቅም። ደረጃውን የጠበቀ የመሮጫ መም ላይ አንደኛው መስመር 400 ሜትር ነው፣ ሁለተኛው ከ407 ሜትር በላይ ነው፣ የአንዱ መስመር ስፋት ደግሞ 1.22 ሜትር ብቻ ነው። ማለትም አንዲት ልጅ ከሌላዋ ጎን ትከሻ ለትከሻ ሆና አንድ ሙሉ ዙር ብትሮጥ ሰባት ሜትር በነጻ ሰጠች ማለት ነው፣ ሰባት ሜትር ደግሞ እኛ ውድድር ላይ አንደኛና አራተኛን ይለያል። ታዲያ ሁሌም ውስጥ ተለጠፊ እንዳልላት ውስጥ ሆና ልትታጠር ትችላለች፣ ፊቷ ሰው፣ ጎኗ ሰው፣ ግራዋ ገመድ፣ የት ልትወጣ? ለንደን 2017 ላይ ሞ ፋራህን ያየ ያስታውሳል፣ በ5,000 ሜትር መጨረሻው ከርቭ ላይ የኛዎቹ ዩሚፍ፣ ሰለሞንና ሙክታር እድሪስ ቦታውን ይዘውበት ሰውየው መውጫ አጣ፣ ሲወጣ ሙክታር ሄዷል፣ 13:32.79። ስንት አመት ሲያሸንፈን የነበረ ሰው ያን ቀን በእግር ሳይሆን በቦታ ነው የተበለጠው።

አጎቴ ይሄን ስነግራቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጉግስ ላይ እኮ ያው ነው ይላሉ። ጥር 23 ቀን እንጅባራ የፈረሰኞቹ በዓል ላይ የሄደ ሰው አይቷል፣ አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ዘንጉን ይዞ ያሳድዳል፣ የሚሸሸው በጋሻው ጀርባውን ይመክታል ወይ ፈረሱ አንገት ላይ ጎንበስ ይላል። እኔ ሁሌ አሳዳጁ የበላይ ይመስለኝ ነበር። አጎቴ ግን «ዘንጉን እስኪወረውር ነው ጌታ፣ ከወረወረ በኋላ ባዶ እጁን ነው» አሉኝ። ጎበዝ ሸሺ ፈረሱን ትንሽ ያዝ ያደርገዋል አሉ፣ የደረሰበት እንዲመስለው፣ ያ ቸኩሎ ሲወረውር ጋሻው ላይ ያርፋል፣ ከዛ ነው ፈረሱን የሚለቀው። ሩጫ ላይም 600 ሜትር ሲቀር አፈትልኮ የወጣ ልጅ ሁሉ ዘንጉን ወርውሯል፣ ከኋላው ያለው እስኪያርፍ ብቻ ነው መጠበቅ ያለበት። እስካሁን ካነበብኩት የአሰልጣኝነት ወረቀት ሁሉ ይቺ የአጎቴ ነገር ትበልጥብኛለች።

ታክቲክና ማጭበርበር የት ላይ እንደሚለያዩ የሚጠይቁኝ አሉ፣ በተለይ ኳስ የሚወዱ። ኳሱን እኔ ብዙም አላወራም፣ አንድ ለዜሮ መርቶ ግብ ጠባቂው በየአምስት ደቂቃው መሬት ላይ የሚንከባለልበትን ጨዋታ ማየት ካቆምኩ ቆየሁ፣ እሱ ሰዓት መግደል ነው፣ ተመልካች የከፈለበትን ሰዓት። አስር ሰው ይዞ ጎል ፊት ቆሞ መከላከል ግን ይከበራል፣ እሱ ላብ አለው። ልዩነቱ ለኔ ይሄው ነው፣ በህጉ ውስጥ ሆነህ ተፎካካሪህን ካደከምከው ጨዋታ ነው፣ ዳኛውን ካታለልክ ሌላ ነገር ነው። እርግጥ የገና ጨዋታ ያደገ የገጠር ልጅ ይሄን ጥያቄ ራሱ አይገባውም፣ እኛ ጋ በገና ሩሯን ተከትሎ ዱላ እግር ላይ ሲያርፍ ማን ይጠይቃል፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ተብሎ ታልፏል።

ሌላው ሰው የሚረሳው ነገር መረጃ ነው። የምትፎካከረውን ሰው አውቀዋለሁ ብለህ ካላወከው እቅድህ ሁሉ አየር ላይ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም እንደሚያስቸግረው ተነግሮት ነበር፣ 26 ቁጥር ነው የሚለብሰው ተባለ። ሰውየው ለካ 185 ለብሶ ነው የመጣው። አበበ ያን ሌሊት ከ185 ጋር ጎን ለጎን እየሮጠ 26ን ፊት ለፊት ሲፈልገው ነበር፣ ገና ከፊት ያለ መስሎት። መጨረሻው አካባቢ ግን ከኛው የተወሰደው የአክሱም ሀውልት ጋ ሲደርስ ሄደ፣ እዛ ላይ እንደሚሄድ ቦታውን አስቀድሞ አይቶ ወስኗል፣ በ2:15:16 ገባ። ቁጥሩ ተሳሳተ፣ ቦታው አልተሳሳተም። ስለዚህ ለልጆቼ ሰው ላይ ብቻ የተንጠለጠለ እቅድ አልሰጥም፣ መሬትም ላይ ይንጠልጠል እላለሁ።

የኛ መሬት ደግሞ ነፋስ አለው። የዞን ውድድር የሚካሄድበት ሜዳ በኖራ የተሰመረ አፈር ነው፣ ከሰዓት በኋላ ከጮቄ በኩል የሚመጣው ንፋስ በአንደኛው ቀጥታ መስመር ላይ ፊትህን ይጠፈጥፍሃል፣ በሌላኛው ይገፋሃል። አምና በሴቶች 3,000 ሜትር ሁለት ልጆች ነበሩን። አንዷን ረጅሟ እንበላት፣ እንደ ሞተር ናት፣ አንድ አይነት ፍጥነት እስከመጨረሻው ትይዛለች ግን ቀጥታው ላይ ሲደርስ ማርሽ የላትም። ሌላዋ ትንሿ፣ እሷ ማርሽ አላት። ችግሩ ከሌላ ወረዳ የመጣች አንዲት ደገኛ ነበረች፣ መጨረሻ 200 ሜትሯን ያየ ሰው ከሷ ጋር አብሮ መድረስ አይፈልግም።

አሰልጣኙና እኔ ያሰብነው እንደዚህ ነው። ረጅሟ ከሁለተኛው ዙር ጀምራ ትመራለች፣ ነፋሱ ከፊት በሚመጣበት ቀጥታ ዝም ብላ ትሄዳለች፣ ነፋሱ ከኋላ በሚገፋበት ቀጥታ ግን ታከረዋለች። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚያስበው፣ ነፋስ ፊት ሲሆን ነው መግፋት ያለብን ይላል፣ ግን ነፋስ ከፊት ሲሆን ከኋላ ያለው ይጠለላል፣ አንተ ስትገፋ እሱ በጀርባህ ያርፋል። ነፋስ ከኋላ ሲሆን ግን መጠለያ የሚባል ብዙም የለም፣ ያከረርከውን ሁሉ ተከታዩም ከራሱ ኪስ ነው የሚከፍለው። ትንሿ ደግሞ ደገኛዋን ብቻ ታያለች፣ ሌላ ማንንም።

ሰራ። ረጅሟ በየዙሩ እዛ ቀጥታ ላይ ስትደርስ ክንዷ ሲፈጥን ይታይ ነበር፣ አራተኛው ዙር ላይ ሁለት ልጆች ከፊተኞቹ ተቆርጠው ቀሩ፣ አምስተኛው ላይ ሌላ፣ የደገኛዋ አፍ ሲከፈት ከሜዳው ዳር ሆኜ አየሁት፣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ፣ ያ ከታየ አለቀ ማለት ነው። መጨረሻው ቀጥታ ላይ ትንሿ በውጭ በኩል ወጥታ አለፈቻት። ደገኛዋ ሁለተኛ። አንዲት ሌላ ልጅ መጥታ ሶስተኛ። ረጅሟ አራተኛ፣ እግሯ ተሳስሮ ልትወድቅ እየደረሰች።

እናቷ ያን ቀን ገበያ መጥታ ነበር፣ ልጄ ትሮጣለች ብላ የሽንብራ ጆንያዋን ሰው አስጠብቃ ሜዳው ጥግ ቆማ አይታለች። ልጅቷ ሳሩ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ስትፈታ መጣችና «ስንተኛ ሆንሽ?» አለቻት።

«አራተኛ።»

«እንዴ፣ አንች አልነበርሽ ወይ ይሄን ሁሉ ፊት ፊት ስትሮጭ የነበርሽው?»

ልጅቷ ዝም። እኔ ልገልጽላት ሞከርኩ፣ እንግዲህ እናቴ እንደዚህ ነው፣ እሷ ባትኖር ያቺ አታሸንፍም ነበር፣ ስራው የሷ ነው ምናምን አልኩ። ሴትየዋ ጨርሳ አዳመጠችኝና «ታዲያ ስራው የሷ ከሆነ ቱታው ለምን ለዚያች ሆነ?» አለችኝ። ለአንደኛ የሚሰጠው ሽልማት ቱታ ነበርና። እኔ ደግሞ ለዚህ የሚሆን የሞስኮ ምሳሌ አልነበረኝም።

ከዛ ወዲህ እንግዲህ ረጅሟ እየተለወጠች ነው። ልምምድ ላይ ዙሩን ስታከር ወደኋላ ታያለች፣ ማን እንደተለጠፈባት ታጣራለች። ሌላዋን «ነይ ያንች ተራ ነው» ትላለች፣ ካልወጣችላት ፍጥነቷን ትጥላለች። አሰልጣኙ ይሄ አመጽ ነው ይላል፣ ለኔ ግን ልጅቷ ሩጫ የገባት አሁን ነው፣ ቡድን ስራ ማለት ሁሌ አንድ ሰው የሚያርስበት ከሆነማ ወንፈል አይደለም፣ ባሪያ ማድረግ ነው። ሁሌ አራተኛ የሚወጣ ልጅ ደግሞ በሁለተኛው አመት ሩጫውን ትቶ ይሄዳል፣ ይሄን ስንት ጊዜ አይቻለሁ፣ ምክንያቱም ዞን ላይ አራተኛ ለወጣ ክለብ የሚባል ነገር አይመጣም፣ መልማዩ የሚያየው ወረቀት ላይ ያለውን ደረጃ ነው እንጂ ነፋሱን ማን እንደተቀበለ አይጻፍም።

ዘንድሮ ደገኛዋ ተመልሳ ትመጣለች፣ ክረምቱን ሁሉ ስትሰራ እንደከረመች ሰምተናል። እኛ ያለን እቅድ ያው ነው፣ ከሱ የተሻለ የለንም፣ ግን በዚህ አመት ረጅሟ መጀመሪያ ድርድር አለኝ አለች። አንደኛ፣ እስከ አምስተኛው ዙር ብቻ ነው የምመራው፣ ከዛ በኋላ ሁሉም ለራሱ ነው። ሁለተኛ፣ 1,500 ሜትር ላይ ትንሿ ለኔ ትመራለች። ሶስተኛ፣ ቱታውን እንካፈላለን። ሁለቱን ትንሿ ወዲያው እሺ አለች። ሶስተኛው ላይ ነው የቆምነው፣ አሰልጣኙ ሱሪው ለአንዷ ጃኬቱ ለአንዷ ይሁን ብሎ ሊያስታርቃቸው ሞከረ፣ ግን «ምስራቅ ጎጃም» የሚለው ጽሁፍ ያለው ጃኬቱ ጀርባ ላይ ስለሆነ ሱሪውን የሚፈልግ ጠፋ። ውድድሩ ቅዳሜ ነው፣ እስካሁን አልተስማሙም።